የግብርና ክበባችን ዓመት፦ ግብጦ ለፍየሎቻችን

በእኛ በአዊ ግብጦ ያልቀመሰ ልጅ የለም። ተቆልቶ፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ሲለቀው ይበላል። አረቄም ይወጣለታል። ዘንድሮ የክበባችን አባላት ይህንኑ እህል ለፍየል አዘጋጅተውታል።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ነው። ግጦሹ ደርቋል። ፍየሎቹ ሲለቅሙ ውለው ማታ ሆዳቸውን ሞልተው ይገባሉ፤ ግን ይከሳሉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ "ቲቸር፣ ጠግበው እንዴት ይከሳሉ?" ብላ ጠየቀች። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው።

ፍየል ሣሩን የምታብላላው ብቻዋን አይደለም። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያግዟታል። እነሱ ደግሞ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ በታች ከወረደ ሥራቸው ይዳከማል፤ የበጋ ሣር ብዙ ጊዜ እዚያ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሣሩ ሳይብላላ ሆድ ውስጥ ይከርማል፣ ፍየሏም ሌላ መብላት ያቅታታል።

የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም የኑጉ ዘይት ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው፣ ጥሩ መፍትሔ ነው። ዋጋው ግን ለብዙ ወላጆች አይቀመስም። ሻጋታ የነካው ፋጉሎም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለከብት መስጠት አይገባም። ግብጦ ግን ደጃችን አለ። ፕሮቲኑ ከ30 በመቶ በላይ ነው። ብዙ ሰብል እምቢ ያለው አሲዳማ መሬት ላይ እንኳ ይበቅላል። ጣጣው ምሬቱ ነው፤ አልካሎይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው መራራ የሚያደርጉት። ሲበዙም ይጎዳሉ።

አዘገጃጀቱን ያስተማሩን የአንድ ተማሪ አያት ናቸው። ልጆቹ በምጣድ ቆሉት፣ በጆንያ አድርገው ወንዝ ውስጥ ለቀናት ዘፈዘፉት፣ ምሬቱ መልቀቁን እየቀመሱ አዩ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ሸረከቱት፣ ከፉርሽካና ከትንሽ ጨው ጋር ቀላቀሉት። አያትየው ከእኔ የተሻሉ መምህር ነበሩ፤ እግዜር ይስጥልን።

የምንሰጠው ማታ ነው፤ ጠዋት ከተሰጠ ፍየሎቹ ለግጦሽ ይሰንፋሉ። ሆዳቸው እንዲለምደው በእፍኝ ጀምረን ቀስ በቀስ ጨመርን። ውሃ አልተለያቸውም። ግማሾቹን ግጦሽ ብቻ አበላናቸውና ልጆቹ በየሳምንቱ እየመዘኑ መዘገቡ። ግብጦ የበሉት ሰውነታቸውን ጠበቁ፤ ሌሎቹ በሚያዝያ ጎናቸው ተቆጠረ። ፍየሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ይህን ጥናት አልለውም። ልዩነቱን ግን ግቢያችን የመጣ ወላጅ ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ግጦሽ ብቻ ይበሉ ለነበሩትም ከዚያ በኋላ ግብጦው ተጀመረላቸው።

የዘንድሮው ግብጦ ከየቤቱ በልመና የተሰበሰበ ነው። ለሚመጣው ዓመት ከሜዳው በስተጀርባ ጦሙን ያደረውን ቦታ ለመዝራት ርእሰ መምህሩ ፈቅደውልናል። ዘር መስጠት የምትችሉ ወላጆች ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ። አዲስ አባላትን በመስከረም እንቀበላለን፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅድሚያ አላችሁ።