ይድረስ ለአባባ፣ ስለ ቡድሃ ሃይማኖት ለጠየቁኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት

ለክቡር አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

እኅቴ በስልክ የነገረችኝ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። «ልጄ ጣዖት በሚመለክበት ቤት ትሠራለች አሉ፤ ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያመልኩት?» ብለው አዝነዋል አሉ። በስልክ ባጭሩ የሚመለስ ስላልሆነ፣ እርስዎም ነገርን ከሥሩ ማወቅ ስለሚወዱ ይህን ጻፍኩ። ዓይንዎ እንዳይደክም እኅቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

የምንከባከባቸው እናት የስሪላንካ ሰው ናቸው፤ በአገራቸው መምህርት ነበሩ። ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ እኔ አብሬያቸው እውላለሁ። ጨረቃ በሞላች ቀን ነጭ ለብሰው፣ ዋሽንግተን 16ኛው ጎዳና ላይ ወዳለው ገዳማቸው እወስዳቸዋለሁ። በዚያ ቀን ምግብ የሚቀምሱት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ይጾማሉ። ከእኛ ጾም የተገለበጠ ሆኖብኝ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። የማውቀውን አብዛኛውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

የሃይማኖቱ መሥራች ሲድሃርታ ጎታማ ይባላል፤ ቡድሃ፣ ማለት የነቃው፣ የተባለው በኋላ ነው። የተወለደው ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ፣ ዛሬ ኔፓል ውስጥ በምትገኘው ሉምቢኒ ነው። ዘመኑን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ400 እስከ 500 ዓመት ግድም ነው። አባቱ የሻክያ ነገድ ገዥ ነበር። እናቱ ማያ በወለደችው በሰባተኛው ቀን ስለሞተች አክስቱ አሳደገችው። ጠቢባን «ይህ ልጅ ወይ ታላቅ ንጉሥ ይሆናል፣ ወይ ቤቱን ጥሎ ይመንናል» ብለው ነበርና፣ አባቱ ሐዘን የሚባል ነገር እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ በድሎት አኖረው። ልጁ ግን በሠረገላ ሲወጣ አንድ ቀን በእርጅና የጎበጠ ሰው አየ፤ ሌላ ቀን በሽተኛ፤ ሌላ ቀን ወደ መቃብር የሚሄድ አስከሬን፤ በመጨረሻም ፊቱ የረጋ አንድ መናኝ። 29 ዓመት ሲሆነው ሚስቱን ያሶድሃራንና ሕፃን ልጁን ራሁላን እንደተኙ ትቶ በሌሊት ወጣ።

አባባ፣ ይህን ታሪክ ያውቁታል! ማታ ማታ ይነግሩን የነበረው የበረላምና የይዋስፍ ታሪክ ነው። ንጉሡ ልጁ ክርስቲያን እንዳይሆንበት በቤተ መንግሥት የዘጋበት፣ ልጁ ወጥቶ ድውይና ሽማግሌ አይቶ የደነገጠበት፣ መናኙ በረላም መጥቶ ያስተማረው። አንቀጸ አሚንን የጻፉት እጨጌ እንባቆም ናቸው ያንን ታሪክ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት። ወደ ዓረብኛ የገባው ደግሞ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ነው። ክርስቲያኖች ሲቀበሉት በራሳቸው እምነት አጠመቁት እንጂ፣ መነሻው የሲድሃርታ ሕይወት መሆኑን ተመራማሪዎች ካወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የይዋስፍ ስም እንኳ ቦዲሳትቫ ከሚለው የሲድሃርታ መጠሪያ የመጣ ነው። ይህን ስሰማ ያደረብኝን ደስታ ልገልጽልዎ አልችልም። እዚህ እንግዳ ነገር መስሎን የምንሸሸው ሰው፣ ሕይወቱ በግእዝ ተጽፎ በእኛው ገዳማት ሲነበብ ኖሯል።

ከቤቱ ከወጣ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውነቱን ቀጣ። የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ ራበው። በኋላ ግን ድሎትም እንዲህ ያለ ቅጣትም እውነትን እንደማያሳዩ ተረድቶ፣ ከአንዲት ሴት እጅ የወተት ገንፎ ተቀብሎ በላ። ከዚያም ቦድጋያ በምትባል ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ እዚያም በ35 ዓመቱ ነቃ ይላሉ። የመጀመሪያ ትምህርቱን ሳርናት ላይ ለአምስት መናንያን አስተማረ። ከዚያ በኋላ 45 ዓመት በእግሩ እየዞረ አስተምሮ በ80 ዓመቱ ኩሺናጋር ላይ አረፈ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። መኖር ከሥቃይ አይለይም፤ መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ መሞት፣ ከሚወዱት መለየት፣ የፈለጉትን ማጣት። የሥቃዩ ሥር ምኞት ነው፤ የሚያልፈውን ነገር እንደማያልፍ አድርጎ የሙጥኝ ማለት። ምኞቱ ከጠፋ ሥቃዩ ይጠፋል፤ ያን ዕረፍት ኒርቫና ይሉታል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ስምንት ነገር አለው፤ ከማስተዋል፣ ከንግግርና ከሥራ ጀምሮ ልቡናን እስከ መሰብሰብ ይደርሳል። ከስምንቱ እኔን የነካኝ የኑሮ ማግኛው ነገር ነው። ለምእመን ከተከለከሉት የንግድ ዓይነቶች አንዱ ሰውን መሸጥ ነው፤ ከጦር መሣሪያ፣ ከመርዝ፣ ከሚያሰክር መጠጥና ከሥጋ ንግድ ጋር አብሮ ተቆጥሯል። በየመንና በሊቢያ መንገድ በደላላ እጅ የቀሩትን የሰፈራችንን ልጆች አሰብኩና አለቀስኩ።

«ከሚወዱት መለየት» የሚለውን እሳቸው ያስረዱኝ በእማዬ ምክንያት ነው። መርዶዋን ሰምቼ፣ አፈር ሳላለብሳት ቀርቼ፣ ለቅሶ ተቀምጬ ወደ ሥራ ስመለስ አፌ አልከፈት ብሎኝ ነበር። እሳቸው ከጎናቸው አስቀምጠው የኪሳ ጎታሚን ታሪክ ነገሩኝ። ኪሳ ጎታሚ አንድ ልጇ ሞቶባት፣ ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስጡኝ እያለች ስትዞር ወደ ቡድሃ መጣች። እሱም «ሰው ሞቶ ከማያውቅበት ቤት የሰናፍጭ ፍሬ አምጪልኝ» አላት። ሰናፍጭ በየቤቱ አለ፤ ሁሉም ሊሰጣት ይነሣል። «እዚህ ቤት ሰው ሞቶ ያውቃል?» ስትል ግን አንዱ አባቴ፣ አንዷ ልጄ ይላሉ። እስኪመሽ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ልጇንም ቀበረች። አባባ፣ ብዙ ሰው ሊያጽናናኝ ሞክሯል፤ እንደዚያ ቀን ግን ሐዘኔ ቀሎልኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በገዳሙ ውስጥ የቡድሃ ምስል አለ፤ ይሰግዱለታል፣ አበባም ያቀርቡለታል። አበባውን ሲያኖሩ የሚደግሙትን ቃል ትርጉሙን ጠየቅኳቸው። «ይህ አበባ እንደሚጠወልግ የእኔም ሥጋ እንዲሁ ያልፋል» የሚል ነው። መምህር እንጂ ፈጣሪ አይሉትም። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት በሰው መልክ አይቀርጹትም ነበር፤ የእግሩን ኮቴ፣ መንኮራኩር ወይም ባዶ ወንበር ብቻ ያሳዩ ነበር። ዓለምን የፈጠረ አንድ አምላክ አለ ብለው አያምኑም። እዚህ ላይ ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት ታላቅ ነው፤ ልሸፍንልዎ አልፈልግም። እኔ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፤ እሑድም ከቅዳሴ አልቀርም። ግን ለዝንብ እንኳ መስኮት የሚከፍቱትን እኚህን እናት ጣዖት አምላኪ ሲሏቸው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ትምህርቱን ወደ ስሪላንካ ያደረሰው የሕንዱ ንጉሥ የአሾካ ልጅ ማሂንዳ ነው ይላሉ። አሾካ ካሊንጋ የተባለውን አገር ወግቶ 100,000 ሰው እንደተገደለ፣ 150,000 እንደተጋዘ ራሱ በድንጋይ አስቀርጾ ጸጸቱን የተናገረ ንጉሥ ነው። ሉምቢኒ ድረስ ሄዶም ዓምድ አቁሞ የመንደሩን ግብር ወደ ስምንተኛ እጅ ዝቅ አድርጎላቸዋል። ትምህርቱ በስሪላንካ በመጽሐፍ የሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ መነኮሳቱ እንደ እርስዎ ድጓ ሙሉውን በቃላቸው ይዘው ለደቀ መዛሙርት ያቀብሉት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰው ሞቶ እንደ ሥራው እንደገና ይወለዳል ይላሉ፤ ደግሞ የማትለወጥ ነፍስ የለችም ይላሉ። ታዲያ የሚወለደው ማን ነው? እሳቸውን ስጠይቅ «ከአንዱ መብራት ሌላው ሲለኮስ፣ እሳቱ ያው ነው ወይስ ሌላ?» አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? የቡድሃ ልደት የሚከበርበት የቬሳክ በዓል በዚህ ወር ጨረቃ ስትሞላ ነው፤ የገዳሙን መነኩሴ የማገኘው ያኔ ስለሆነ መልስዎንም ሆነ ሌላ ጥያቄ ካለዎት ለእኅቴ ይንገሯት፤ እኔ አቀርብልዎታለሁ።

የመድኃኒትዎን ገንዘብ በእኅቴ ስም ልኬያለሁ። ለአክስቴና ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ