ወደ ሃድሰን ወንዝ ስንወስዳችሁ ሐዲድ የማናሻግራችሁ ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የፀደዩን የሃድሰን ወንዝ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ መመዝገብ ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣልናል። «ሐዲዱን አልፈው ድንጋዩ ላይ ቆመው ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያወጡ ሰዎች በዓይናችን አይተናል። እኛን ለምን እዚያ አትወስዱንም?» ትሉናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሱቅ ድረስ መጥታችሁ ጠይቃችኋል። ቅር ያላችሁም አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በስልክ ሁለት ቃል ተናግረን ልናልፈው አልፈለግንም።

አቋማችንን አስቀድመን እንንገራችሁ። ሐዲድ ላይ የሚያስኬድ ወይም ባልተፈቀደ ቦታ የሚያሻግር ጉዞ አናዘጋጅም። ዓሣው እዚያ በብዛት ቢኖርም አናደርገውም። ይህ ማለት ግን ወንዙ በሐዲድ ታጥሮ መቅረቱን እንደግፋለን ማለት አይደለም። በጣም ያሳዝነናል፣ መለወጥም አለበት ብለን እናምናለን።

ነገሩ የቆየ ነው። ከማንሃተን ወደ ሰሜን በባቡር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በመስኮቱ በኩል ውሃው እዚያው አጠገባችሁ ነው። የሃድሰን ወንዝ የባቡር መስመር ከኒው ዮርክ ከተማ ተነስቶ አልባኒ ፊት ለፊት የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። መሐንዲሶቹ የምሥራቁን ዳርቻ የመረጡት ሜዳ ስለሆነ ነው። ወንዙ ወደ መሬት የገባባቸውን ቦታዎች ዙሪያውን ከመዞር ይልቅ በውሃው ላይ ድንጋይና አፈር ደልድለው ቀጥ ብለው አለፉ። በዚህም የተነሳ ብዙ ትንንሽ የውሃ ወሽመጦች ከሐዲዱ በስተጀርባ ቀሩ። በምዕራቡ ዳርቻም ረጅሙን መንገድ ሲኤስኤክስ የተባለው ኩባንያ የጭነት ባቡር ይሄድበታል። ስለዚህ ወደ የትኛውም ዳርቻ ብትወርዱ በአብዛኛው ቦታ መጀመሪያ የምታገኙት ሐዲድ ነው።

ውሃው ግን የማን ነው? ሃድሰን እስከ ትሮይ ግድብ ድረስ፣ ማለትም ከወንዙ አፍ 246 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ሲል አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ውሃ፣ ከሥሩ ያለው መሬት ጭምር፣ በመሠረቱ የኒው ዮርክ ግዛት ለሕዝብ በአደራ የያዘው ነው። ጥንት ለግለሰቦችና ለባቡር ኩባንያዎች የተሰጡ ቦታዎች መኖራቸው እውነት ነው። ዋናው ወንዝ ግን የሁላችንም ነው፤ ማጥመድም ትችላላችሁ። ችግሩ ያለው በውሃውና በመኪና መንገዱ መካከል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ነው። የኒው ዮርክ የባቡር ሕግ ከባቡሩ ሠራተኛ በቀር ማንም ሰው በሐዲዱ ላይ ወይም ሐዲዱን ተከትሎ እንዳይሄድ ይከለክላል። መግባት ክልክል መሆኑ በግልጽ በተለጠፈበት የባቡር ክልል ውስጥ መግባት ደግሞ በወንጀል ሕጉ እስከ 3 ወር እስራት ሊያስከትል ይችላል። ግቢው የእኛ፣ በሩ ግን የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

በተለይ ወረቀታችሁ በሂደት ላይ ላለ ደንበኞቻችን ይህን አስረግጠን መናገር እንፈልጋለን። የዜግነት ማመልከቻው ተይዛችሁ፣ ታስራችሁ ወይም የክስ ወረቀት ተሰጥቷችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መንጠቆ ይዛችሁ የተሰጣችሁ ቲኬት፣ ዓመታት ቆይቶ የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ላይ ማብራሪያ ሊያስፈልገው ይችላል። ቀድሞ የደረሰበት ሰው ካለ ለጠበቃ ያማክር። እኛ ግን ገንዘብ አስከፍለን ወደዚያ አንወስዳችሁም።

ከሕጉም በላይ የሚያሳስበን አደጋው ነው። ድሬዳዋና አዋሽ ያደጋችሁ ሐዲዱን ተከትሎ መሄድ እንግዳ ነገር አይሆንባችሁም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ከሩቅ ይሰማል፣ ቀስ ብሎም ይመጣል፤ ሰው ገለል ለማለት ጊዜ ነበረው። የሃድሰኑ ባቡር እንደዚያ አይደለም። በሰሜኑ በኩል አምትራክ የተባለው የአገር አቀፍ የመንገደኞች ድርጅት ባቡር አንዳንድ ቦታ በሰዓት 177 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ከወንዙ የሚነሳው ነፋስ ድምፁን ይወስደዋል። ባቡሩ ከኋላችሁ ሲመጣ የምትሰሙት አጠገባችሁ ሲደርስ ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ አይቷችሁ ፍሬን ቢይዝ እንኳ እንዲህ ያለ ፍጥነት ላይ ያለ ባቡር እስኪቆም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሌላም አለ። መስመሩ ከአንድ በላይ ሐዲድ አለው። አንዱ ባቡር ሲያልፍ ጠብቃችሁ ስትሻገሩ፣ ከዚያኛው በኩል የሚመጣውን ሁለተኛ ባቡር የመጀመሪያው ይጋርደዋል። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሐዲድ ላይ ገብተው ይሞታሉ።

ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ከሌላው እግረኛ የበለጠ የተጋለጠ ነው። እጁ ባዶ አይደለም፤ ዘንግ፣ ባልዲ፣ የበረዶ ሳጥን ይዟል፤ አንዳንዴ ልጅም ያስከትላል። የባቡሩ ጎን ከሐዲዱ ውጪ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። ድንጋዩ ላይ ቆማችሁ መንጠቆ ስትወረውሩ ዘንጋችሁ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከኋላችሁ ያለው ደግሞ ሐዲዱ ነው። ከማንሃተኑ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ እስከ ክሮተን ሃርመን ጣቢያ ባለው መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሸከም ሦስተኛ ሐዲድ አለ። ኃይሉ 750 ቮልት ነው። ባቡሩ የሚነካው ከሥር ስለሆነ ከላዩ መሸፈኛ አለው። ሽፋኑን አይቶ «ምንም አያደርግም» የሚል ሰው አጋጥሞናል። እባካችሁ፣ ያደርጋል። ዛሬ የምንሸጣቸው ዘንጎች አብዛኞቹ የካርቦን ግራፋይት ናቸው፣ ግራፋይት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ይህን ሁሉ ያልነው የባቡር ድርጅቶቹን ስጋት በሚገባ ስለምንረዳው ነው። እኛ የማንስማማው መፍትሔ ተብሎ በሚቀርበው ነገር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አምትራክ ከራይንክሊፍ እስከ ስታይቨሰንት ባለው አካባቢ፣ ታይቮሊንና ጀርመንታውንን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች፣ አጥርና የሚቆለፍ በር ለማቆም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ነዋሪዎች፣ የየከተሞቹ አስተዳደሮች፣ ሪቨርኪፐርና ሲኒክ ሃድሰን የተባሉት የወንዙ ተቆርቋሪ ድርጅቶች ተቃወሙ። የተቃወሙት ሰው ሐዲድ ላይ ይሂድ ብለው አይደለም። አጥር ብቻ ተሠርቶ መሻገሪያ ካልተሠራ ወንዙ ለትውልድ ይዘጋል ብለው ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ሰው ሐዲዱን የሚያቋርጠው አደጋ ወዶ አይደለም። በእግሩ ውሃው ጋ የሚደርስበት ሌላ መንገድ በአቅራቢያው ስለሌለ ነው። ከአንዱ መሻገሪያ እስከ ሌላው ብዙ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ደግሞ የሚከለከለው ሁሉም ሰው እኩል አይደለም። ጀልባ ያለው ሰው በውሃ ላይ ሄዶ የፈለገበት ይቆማል። ትልልቅ ርስት ካላቸው ውስጥ ሐዲዱን የሚያልፉበት የግል መሻገሪያ ያላቸው አሉ። የሚቀረው ከብሮንክስ ወይም ከዮንከርስ ባልዲውን ይዞ በባቡር የሚመጣው ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ወይም ሆስፒታል ሲሠራ የከረመ፣ ከልጁ ጋር ግማሽ ቀን ውሃ ዳር መቀመጥ የሚፈልግ ሰው። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ያደገ ሰው ወደ ሐይቁ ለመውረድ ማንን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር? እኛ ይህን ሥራ የጀመርነው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የንግድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው የማይቻል ነገር አይደለም፤ በዚያው ወንዝ ላይ ተሠርቶ የሚታይ ነው። ኮልድ ስፕሪንግ ጣቢያ አጠገብ ከሐዲዱ ሥር የእግረኛ መተላለፊያ አለ፤ ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ በሱ ስታልፉ ውሃው ፊታችሁ ነው። ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን ሊትል ስቶኒ ፖይንት ላይ ከሐዲዱ በላይ ድልድይ አለ። ከሱም አልፎ ብሬክኔክ ሪጅ ጋ ሌላ የእግረኛ ድልድይ ሥራ ተጀምሯል። ድልድይ ባለበት ቦታ ሐዲድ ላይ የሚወጣ ሰው ይቀንሳል፣ የባቡሩ ሹፌርም ልቡ ያርፋል።

በዚህ ወቅት የምንወስዳችሁ በእግር በሕጋዊ መንገድ ወደሚደረስባቸው ቦታዎች ነው። ክሮተን ፖይንት ፓርክ፣ ፒክስኪል የወንዝ ዳር ፓርክ፣ ሊትል ስቶኒ ፖይንት፣ ቢከን ያለው ሎንግ ዶክ ፓርክና ፖኪፕሲ ያለው ዋሪያስ ፓርክ ናቸው። ወደ ሰሜን ደግሞ ስታትስበርግ አጠገብ ኖሪ ፖይንት አለ። እኛ ይህን ቦታ በጣም እንወደዋለን። እዚያ ሐዲዱ ከወንዙ ርቆ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዳርቻው ለእግረኛ ክፍት ነው። ሃድሰን ሐዲድ ባይኖረው ኖሮ ምን ሊመስል ይችል እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ቤተሰቦች ኖሪን ብትመርጡ ጥሩ ነው እንላለን።

እነዚህ ቦታዎች ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃሉ። ዓሣው በብዛት የሚወጣው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ብዙዎቻችሁ ከፋሲካ በኋላ መሄድ እንደምትፈልጉ እናውቃለን። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርገናል። አንደኛ፣ በሥራ ቀን የሚሄድ ጉዞ ጨምረናል፤ የመነሻ ሰዓቱንም ከወንዙ ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት ጋር አስተካክለናል። ለምን መሰላችሁ፣ ውሃው ከፍ ሲል አንዳንድ ቦታ ዳርቻው ጠፍቶ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል፤ ሰው ወደ ሐዲዱ የሚጠጋውም ያኔ ነው። ሁለተኛ፣ ፈቃድ ባለው ካፒቴን የሚነዳ የጀልባ ጉዞ ጀምረናል። በእግር የማይደረስባቸውን ጥሩ ጥሩ ቦታዎች ከውሃው በኩል ታገኟቸዋላችሁ። የጀልባው ክፍያ ለብቻው ነው፤ ውድ መሆኑን ስለምናውቅ ማንንም አናስገድድም። በዳርቻ ለሚደረገው ጉዞ ዋጋ አልጨመርንም። እስከ ግንቦት 1 በፈረንጆች አቆጣጠር ትንሽ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሕይወት ጃኬት መልበስ በሕግ ግዴታው ነው፤ ጃኬቱን እኛ እናቀርባለን።

መንገዳችን ላይ ስለሆነ አንድ ነገር እንጨምር። ለሚወለዱ ልጆችና ለትንንሾቹ ሲባል ከ50 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችና ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሃድሰንን ዓሣ እንዳይበሉ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ይመክራል። ምክንያቱ ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ወንዙ ውስጥ የለቀቁት ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል ነው። አጥምዳችሁ መልቀቅ ትችላላችሁ፤ ለጥብስ የሚሆነውን ዓሣ ከሌላ ቦታ ግዙ።

ከእናንተም አንድ ነገር እንጠይቃለን። አጥር ወይም በር ለማቆም ሐሳብ ሲቀርብ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የየከተማው ምክር ቤት ስብሰባም ለሁሉም ክፍት ነው። የአንድ ዓሣ አጥማጅ ቀላል ደብዳቤ ዋጋ አለው፤ የት እንደምታጠምዱ፣ እንዴት እንደምትደርሱ፣ መሻገሪያ የት ቢሠራ እንደሚጠቅም ብቻ ጻፉ። «አጥር አትሥሩ» ከማለት «መጀመሪያ መሻገሪያ ሥሩ» ማለት ይበልጣል ብለን እናስባለን። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ወደ ሱቅ ኑ፤ በአማርኛ ንገሩን፣ እኛ አብረን እንጽፋለን። አይከፈልበትም።

ሐዲዱ ማዶ ያለውን ቦታ አስባችሁ የተመዘገባችሁና አሁን ሐሳባችሁን የለወጣችሁ ካላችሁ፣ ከጉዞው ቀን በፊት ደውሉልን፤ ገንዘባችሁን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን ወይም ወደ ሌላ ቀን እናዛውራለን። የምትመጡ ደግሞ ነፃ የሆነውን የባሕር ዓሣ አጥማጆች ምዝገባ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ስትራይፕድ ባስን በትል ወይም በሌላ መብል ስታጠምዱ የሚያስፈልገውን ክብ መንጠቆ ሱቅ ውስጥ አስቀምጠንላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁና የጉዞ አገልግሎቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች