አውልቄ ስገጥመው ወደ ቦታው የማይመለስ አፈሙዝ

ለአምራቹ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ጠመንጃዬን ሳትፈትሹት «እንከን የለውም» ብላችሁ ስለመለሳችሁልኝ

እንደምን ሰነበታችሁ።

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ አጫጭር ነበሩ። ይኼኛው ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም እስካሁን የመለሳችሁልኝ ላልጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

ጠመንጃውን ከገዛሁት 14 ወር ሆኖኛል። አፈሙዙ የሚቀያየር፣ ማቀባበያው ቀጥ ብሎ የሚሳብ። ለሁለት ዓይነት ጥይት የሚሆን ሁለት አፈሙዝ አብሬ ወሰድኩ፦ 308 ዊንቸስተር ለአጋዘን፣ 9.3 በ62 ደግሞ ለዱር አሳማ። የሁለቱም ቀለህ ቂጡ ጋ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ የማቀባበያ ራስ ለሁለቱም ይበቃል። ሻጩ ግን ሁለተኛ ራስ ካልገዛህ ብሎ ሲሟገተኝ ነበር። እሱን ትቼዋለሁ፤ ከናንተ ጋር ያለኝ ጉዳይ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። በተለመደው ጠመንጃ እጀታውን ታነሳለህ፣ ትስባለህ፣ ትገፋለህ፣ መልሰህ ታወርዳለህ። በናንተው ግን መሳብና መግፋት ብቻ ነው። ጉንጬ ከሰደፉ ሳይላቀቅ፣ ዓይኔ ከማነጣጠሪያው መነጽር ሳይነሳ ሁለተኛው ጥይት ይጎርሳል። ምላጩም ቁርጥ ያለ ነው፣ አይንቀዋለልም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ አንድ ነው። አፈሙዙን አውልቄ ስመልሰው ወደ ነበረበት አይመለስም።

የናንተ ጠመንጃ መነጽሩ የሚታሰረው አካሉ ላይ እንጂ አፈሙዙ ላይ አይደለም። መነጽሩ አፈሙዙ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አብረው ይወልቁ፣ አብረው ይመለሱ ነበር፤ የአፈሙዙ መቀመጫ፣ ማለትም አካሉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ፣ ትንሽ ቢዛነፍም ያን ያህል አያስጨንቅም። በናንተ አሠራር ግን ሁሉም ነገር መቀመጫው ላይ ነው። መቀመጫው 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው እንበል። እዚያ ላይ አፈሙዙ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያዘነብል፣ ማለትም አንዲት ወረቀት ብትገባበት፣ 100 ሜትር ላይ ጥይቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ይህን ለናንተ ማስረዳቴ ገርሞኛል፤ ግን የመለሳችሁልኝን ወረቀት ሳየው ማስረዳት እንዳለብኝ ገባኝ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የ9.3ቱን አፈሙዝ ገጠምኩ፣ 100 ሜትር ላይ መነጽሩን አስተካከልኩ። ሳላወልቀው 20 ጥይት ተኮስኩ። ንቅንቅ የለም። ከዚያ አፈሙዙን የሚያስሩትን ሁለቱን ብሎኖች ፈታሁ፣ መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ፣ መልሼ መመሪያችሁ በሚለው ልክ በመለኪያ አጠበቅሁ። ሦስት ጥይት። ሦስቱም ተጠጋግተው አረፉ፣ ግን ካነጣጠርኩበት 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው! ደግሜ ፈትቼ ገጠምኩ። አሁን 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። መነጽሩ ይሆናል ብዬ ሌላ መነጽር አሰርኩ። ያው ነው።

አምስተኛው ዙር ላይ ነገሩ ገባኝ። የፊተኛውን ብሎን አስቀድሜ ካጠበቅሁ ጥይቱ ዝቅ ይላል፣ የኋለኛውን ካስቀደምኩ ከፍ ይላል። አፈሙዙ አንድ ነገር ላይ ተቀምጦ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል ማለት ነው። ሻማ ለኩሼ የአፈሙዙን መቀመጫ ጥላሸት አስያዝኩት፣ ገጥሜ መልሼ ፈታሁ። ጥላሸቱ ዳር እስከ ዳር መነካት ነበረበት። የተነካው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ በሁለቱ ብሎኖች መሃል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ። አካሉ ላይ ያንኑ ቦታ በጥፍሬ ስዳብሰው ያዘኝ። ሲሞረድ ያመለጠች ትንሽ ጉብታ ናት። በሞረድ ላንሳት ብል ዋስትናዬን ትሰርዙብኛላችሁ። ስለዚህ ሳልነካት ጠመንጃውን ላክሁላችሁ።

ዘጠኝ ሳምንት ጠበቅሁ። የአደን ወቅቱ አለፈ።

ከጠመንጃው ጋር የመጣው ወረቀት «3 ጥይት፣ 100 ሜትር፣ 28 ሚሊ ሜትር። እንከን የለውም» ይላል። ሦስቱ ጥይቶች በ28 ሚሊ ሜትር ውስጥ ማረፋቸው ጥሩ ነው፣ ለኔም እንዲሁ ይተኩስልኛል። ጥይቱ ተበታተነብኝ ብዬ እኮ አልጻፍኩም! ወልቆ ሲመለስ ቦታውን ይስታል ነው ያልኩት። እናንተ ደግሞ አላወለቃችሁትም። እንዴት አወቅህ ካላችሁ፣ ከመላኬ በፊት የ308ቱን ሁለት ብሎኖች ከራሳቸው እስከ አካሉ በቀይ የጥፍር ቀለም አስምሬባቸው ነበር። ብሎኑ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ሲመለስ መስመሩ እንዳለ ነው። ችግሩ የታየበት የ9.3ቱ አፈሙዝ ደግሞ ዘይት በነካ ጨርቅ እንደጠቀለልኩት፣ እኔ በቋጠርኩት ገመድ እንደታሰረ ተመለሰ። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ፤ ከአባቴ የተማርኩት ነው።

ስደውል የአገልግሎት ክፍላችሁ ባልደረባ «አገጣጠምህ ይሆናል፤ የብሎኑን ቅደም ተከተል ተሳስተህ ይሆናል» አለኝ። መመሪያችሁን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ቅደም ተከተል አንድ ቃል የለውም። ቢኖረውም ደግሞ ነገሩ አይዋጥልኝም። ቀጥ ብሎ የሚሳብ ጠመንጃ የሚሠራ ድርጅት ሮስ የተባለውን ጠመንጃ ታሪክ አያጣውም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የካናዳ ወታደሮች ይዘውት የዘመቱት ያ ጠመንጃ ማቀባበያው ቀጥ ብሎ የሚሳብ ነበር፣ ኢላማ ላይም የሚመሰገን። ግን ማቀባበያው ለጽዳት ተፈታትቶ በስህተት ሊገጠም ይችል ነበር። እንዲያ የተገጠመው ሳይቆለፍ ይተኩስና ወደ ተኳሹ ፊት ይወረወራል። ጭቃ ሲገባበትም ይቀረቀር ነበር። በ1916 እ.ኤ.አ. ሊ ኤንፊልድ በተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ተተካ። የኔ ጠመንጃ ፊቴ ላይ አይፈነዳም፣ አውቃለሁ። «ተጠቃሚው ተሳስቶ ነው» የሚለው መልስ ግን ያኔም አላዋጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመጻፍ ቢከብደኝም። ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት፣ ጠመንጃው በገባ በሁለተኛው ወር፣ አፈሙዝ ቀይሬ ሳልሞክረው አደን ወጣሁ። በዚህስ ጥፋቱ የኔም ነው። ማስታወቂያችሁ «ቀይረው ውጣ» ስላለኝ አምኜ ነበር። ሲመሻሽ አንድ የዱር አሳማ 80 ሜትር ላይ ጎኑን ሰጠኝ። ተረጋግቼ ተኮስኩ። ደረቱን ብዬ የፊት እግሩን አገኘሁት። ጨለማ እስኪውጠን ድረስ ከውሻዬ ጋር ደሙን ተከተልን፣ አጣነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ አገኘሁት፤ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈው እያሰብኩ ብዙ ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ። 7 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ምንም አትመስልም።

አሁን የምፈልገው ይህ ነው። ጠመንጃውን በራሳችሁ ወጪ አስመጥታችሁ ሁለቱንም አፈሙዞች እያንዳንዳቸውን አምስት ጊዜ አውልቁ፣ መልሱ፣ በየዙሩ ሦስት ሦስት ተኩሱ። ኢላማ ወረቀቶቹን ከነቀዳዳቸው ላኩልኝ፣ አንድ ቁጥር የተጻፈበት ቅጽ አልቀበልም። ጉብታዋን አግኝታችሁ ካስተካከላችሁ ጥሩ። ካልተስተካከለ አካሉን ቀይሩልኝ። አንቀይርም ካላችሁ ገንዘቤን ከነሁለተኛው አፈሙዝ ዋጋ መልሱልኝ። ለሙከራ ያቃጠልኩትን ጥይት አላስከፍላችሁም።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ ከሆነ አላነሳም። የጥላሸቱን ፎቶ፣ የኢላማ ወረቀቶቼንና የደረሰኙን ቅጂ አያይዣለሁ። ብሎኖቹን አሁንም በጥፍር ቀለም አስምሬባቸዋለሁ፣ በዚህ ጊዜ አረንጓዴ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ