የወለቀው የፍሪሲዮን ዲስክ ይመለስልኝ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ጉዳዩ፦ የተገባልኝ ቃል እንዲፈጸምልኝ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበቱ። መኪናዬን ያውቋታል፤ ነጯ ዲኤክስ ነች። ስለ ቀጠሮው መጓተት በስልክ ደጋግመን ስለተነጋገርን አላበዛበትም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ማክሰኞ ዕለት የተሰጠኝ መልስ ነው።

ፍሪሲዮኗ እንዲቀየር መኪናዋን ሳስረክብ ዋናው መካኒክዎ፣ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) አብሮ እንደሚቀየር፣ የወለቀውም ዕቃ በእጄ እንደሚሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። «እትዬ፣ አሮጌውን ሳላሳይዎት አዲሱን አልገጥምም» ነው ያለኝ። አምኜው ሄድኩ።

ማክሰኞ መጥቼ ዲስኩን ስጠይቅ ሒሳብ ተቀባዩ ቀና ብሎም አላየኝ። «ተጥሏል» አለ። የት ተጣለ ስለው «ቁራሌ ወስዶታል» አለኝ። ቃል እንደተገባልኝ ስነግረው ወረፋ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች እየሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሮጌ ብረት ምን ያደርግልሻል? ሳሎን ልትሰቅዪው ነው?» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። በዚያም አላበቃም፤ «ይልቅ ይቺን ሽጫትና ኤሌክትሪክ ግዢ» ብሎ ጨመረበት። ልጄ የሚሆን ሰው ነው አንቺ እያለ እንዲህ የሚናገረኝ! እርስዎም በሩ ተከፍቶ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ሰምተዋል ብዬ አምናለሁ።

ዲስኩን የፈለግሁበትን ምክንያት ልንገርዎ። የዲስኩ ሸራ (የሚፋተገው ልባሱ) እስከ ምስማሩ ተበልቶ ከሆነ ዕድሜው ደርሶ ነው። ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፓራኦሊዮው ነው፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ዲስክ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ነው ትልቁ ድካም፣ ትልቁም ሒሳብ። ፓራኦሊዮ ራሱ ከዚያ አጠገብ ዋጋው ምን ያህል ነው? ከወረደ በኋላ እሱን መዝለል ለእኔ አይገባኝም።

እንደተዘለለ ደግሞ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። ማታ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቼ አደርኩ፤ ጠዋት ልክ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ትይዩ ጥቁር ዘይት ተንጠባጥቦ አገኘሁ። የካምቢዮ ዘይት ሽታው ይለያል፤ ይሄ የሞተር ዘይት ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው የጅሬን ዳገት ላይም ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትጎትትም፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል። አዲስ ፍሪሲዮን ነው እኮ የተባልኩት!

«ሽጫት» ለሚለው፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ መግዛት የማይችል ሰው ያለውን ከመጠገን ሌላ ምን ምርጫ አለው? እኛን የመሰልነው ደንበኞች ስላለን ነው የእናንተም ሥራ የሚሄደው።

ይህንንም ላንሳ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ «ጊቤን ተሻግሯል» እየተባልኩ ስንት ጊዜ ጠበቅሁ! ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ጠዋት ተነስቶ በዕለቱ ይገባል። የሾፌሩ ወንበር ላይ የአንድ ሰው ግሪስ የነካ እጅ ከነአምስት ጣቱ ታትሟል። ክሪኬም ከኋላ ኮፈን ውስጥ የለም። ለከፈልኩት ገንዘብ የተሰጠኝ ደግሞ በእስክሪብቶ የተጫረ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ካምቢዮው እንደገና ወርዶ ፓራኦሊዮው እኔ ቆሜ እያየሁ ይቀየር፤ ዘይት የነካው ዲስክም ይለወጥ፤ አንድ ሳንቲም አልጨምርም። አሮጌው ዲስክ በእርግጥ ከተሸጠ፣ ዋናው መካኒክ ሲያወልቀው ምን እንዳየበት ጽፎ ይፈርምልኝ። ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆረጥልኝ፣ ክሪኬ ይመለስ። ሒሳብ ተቀባዩም በሰው ፊት እንደተናገረኝ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብም እንዲጠበቅ መብት ሰጥቶታል።

እስከ መጪው ዓርብ መልስ ካላገኘሁ የምጠይቀው ጥገና ሳይሆን የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ ይሆናል፤ ካርቶኑንና ቁራጭ ወረቀቱን ይዤም ንግድ ጽሕፈት ቤት እገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዲኤክሷ ባለቤት

ግልባጭ፦ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት (ከዓርብ በኋላ የሚላክ)