የጣሪያዋን ገንዘብ ለእኔ ላሳለፈች ጎረቤቴ፣ ለሁላችሁም

የተከበራችሁ በጎንደር የቅዳሜ ገበያ፣ የአራዳና የአዲስ ዓለም ሰፈር ወገኖቼ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ልዑል እግዚአብሔር ይክበር፣ ይመስገን። በዚህ ሳምንት የመጨረሻውን የብድር ክፍያ ፈጸምኩ። ደረሰኙን ይዤ ቤት ገባሁና ከባለቤቴ ፎቶግራፍ ሥር አስቀመጥኩት። ዕዳውን ብቻዬን እንዳልከፈልኩት ስለማውቅ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ባለቤቴ ያረፈው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዐቢይ ጾም ነው። እድርተኛው ድንኳን ጥሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ እስከ ሠልስት ከጎኔ አልተለየም። ብድሩን ይክፈላችሁ። ድንኳኑ ሲነሣ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ሁለት ልጆቼና አንድ የልብስ ስፌት ማሽን ነበርን። ማሽኑንም «የወንድማችን ንብረት ነው» ብለው ሊወስዱት የመጡ ነበሩ፤ ዛሬ ታርቀናልና በዚህ አልቆይም። ያን ጊዜ ያለ አንዳች ክፍያ የመከሩኝን ጠበቃ ግን ሳላመሰግን አላልፍም። እናቴ በተዳረችበት ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር። እኔም ሕጉ አሁንም እንደዚያው መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የሄድኩት። እርሳቸው የክልላችንን የ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ገልጠው፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፤ በትዳር ውስጥ ያፈራነው የሁለታችን ነው። ግማሹ የእኔ፣ የእርሱ ድርሻም ለልጆቹ ነው። ማሽኑ ከቤቴ አልወጣም።

ጥልፍ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ዋጋውን ነበር የማላውቀው። ለዓመታት ለአንድ ነጋዴ የቀሚስ አንገትና ደረት ስጠልፍ ኖሬያለሁ። ሁለት ቀን ተኩል ቁጭ ብዬ የጨረስኩትን ይቀበለኝና የሰጠኝን ይሰጠኛል፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እመለሳለሁ። ያው ቀሚስ ፒያሳ ተሰቅሎ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ የሚገባኝም አይመስለኝም ነበር።

የሦስት ወር ሥልጠና ስገባ «ደግሞ ጥልፍ ምን ያስተምሩኛል?» ብዬ ነበር። አሠልጣኛችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በመጀመሪያው ቀን መርፌና ክራችንን አስቀምጠን ደብተር እንድናወጣ አዘዙን። እያንዳንዳችን መጨረሻ የሠራነውን ልብስ ወጪ እንድንጽፍ ነገሩን። ጨርቅ ጻፍኩ፤ ክር ጻፍኩ፤ ከብዙ ማሰብ በኋላ መብራትና የታክሲ ጨመርኩ። እትዬ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «የእጅ ዋጋ የሚለውን ለምን ዘለልሽው?» አሉኝ።

«እሱማ የራሴ ድካም ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ የራስሽን ማን ይጻፍልሽ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዞር ብዬ ሳይ የጎረቤቶቼም ደብተር እንደኔው ነበር፤ ሃያ ሁለት ሴቶች ነበርን፣ ሃያ ሁለታችንም ያንን መስመር ዘለነዋል። እትዬ፣ ያ ደብተር ዛሬም አለኝ። የእጅ ዋጋ ብዬ በእርሳስ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ደልዤ ከፍ አድርጌዋለሁ። ስለ ስፌትም አስተምረውኛል፤ ያበላሸሁትን ጥልፍ ስንት ጊዜ እንዳስፈቱኝ እርስዎ ያውቃሉ። ልጆቼን ያበላልኝ ግን ያ መስመር ነው።

ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ስፈልግ በስሜ የተመዘገበ መያዣ አልነበረኝም። አምስት ሴቶች ሆነን፣ አንዳችን ለሌላችን ዋስ ገብተን ተበደርን። አራታችሁ እኅቶቼ፣ በዕለተ ዓርብ እየተሰበሰብን ቁጠባችንን ስንቆጥር አንዲት ሳንቲም ብትጎድል እንኳን ሳንነጋገር አንነሣም ነበርና ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። የብድሩ ገንዘብ የጥልፍ ማሽን ለመግዛት ስላልበቃ ወደ እቁባችን ዳኛ ሄድኩ። የዚያን ሳምንት ዕጣ የወጣላት ጎረቤቴ ቤቷ እያፈሰሰ፣ ለጣሪያዋ ቆርቆሮ ልትገዛበት ወር ቆጥራ ስትጠብቅ የነበረች ናት። ጉዳዬን ሰምታ «እኔ አንድ ክረምት ባልዲ እደቅናለሁ፤ ተራዬን ለእርሷ ስጧት» አለች። ክረምቱን በሙሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር በግድግዳው በኩል የባልዲዋን ድምፅ እሰማ ነበር። እኅቴ፣ ያንን ድምፅ አልረሳውም።

ባለፈው ጥምቀት የሆነውን የሰፈሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ ያውም ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት በጎንደር፣ አርባ ቀሚስ ለከተራ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው መብራት ጠፋ፤ ቢመጣም ሌሊት ለአንድ ሰዓት ብቻ። ፒያሳ የሚሰፉት አባባ ወሬውን ሰምተው አሮጌዋን የእግር ማሽናቸውን በጋሪ ላኩልኝ። ራሳቸው ተከትለው መጡና ከኪሳቸው ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አውጥተው፣ መንኮራኩሯን በመዳፋቸው እያዞሩ ጠብ ጠብ አደረጉላት። «ጠዋት ጠዋት ሳታጠጫት እንዳትጀምሪ» ብለውኝ ሄዱ። የአዲስ ዓለሙ ሸማኔ ጋሼ ጥለቱን በዱቤ ሰጡኝ፤ ከበዓሉ በኋላ ልከፍላቸው ስሄድ የራሳቸውን በዓል ያህል ደስ ብሏቸው «ቀሚሶቹ አማሩ ወይ?» ብለው ነው የጀመሩት። የሥልጠና ጓደኞቼ ስድስት ሆነው መጥተው በፋኖስ አብረውኝ አነጉ፤ የእጃቸውን ዋጋ ደብተሬ ላይ ጽፌ ለእያንዳንዳቸው ከፍያለሁ። አርባኛውን ቀሚስ ያስረከብኩት በከተራው ዕለት ረፋድ ላይ ነው።

ልጄ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤት ቅጽ ስትሞላ የእናት ሥራ በሚለው ቦታ ላይ ድሮ «የቤት እመቤት» ትል ነበር፤ ዘንድሮ ሳትጠይቀኝ «የጥልፍ ባለሙያ» ብላ ጻፈች። ይህንንም ለእትዬ ንገሩልኝ።

ስማችሁን ያልጠቀስኩት ስለ ረሳኋችሁ አይደለም፤ ውለታችሁ በልቤ አለ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዚህ ሳምንት የእቁቡ ዕጣ ለእኔ ወጥቶ፣ ተራውን ለጎረቤቴ መልሻለሁ። ቆርቆሮውና ምስማሩ ተገዝቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያዋ ይለበሳል። መዶሻ ያላችሁ መዶሻችሁን፣ ጉልበት ያላችሁ ጉልበታችሁን ይዛችሁ ኑ። ቡናውና ዳቦው እኔ ቤት ነው።

አክባሪያችሁ፣ በቅዳሜ ገበያ የጥልፍ ባለሙያዋ