ትራንስፎርመር ከመላካችን በፊት ለምን ሁለት ቁጥር እንጠይቃለን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ለሸክላ ማጫወቻችሁ ትራንስፎርመር ስታዙን በጥያቄ እንደምናዘገያችሁ እናውቃለን። «የካርትሪጃችሁ ኢምፔዳንስ ስንት ኦም ነው? የሚያወጣውስ ስንት ሚሊቮልት ነው?» እንላለን። ካርትሪጅ ማለት መርፌውን የያዘችው፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይረው ትንሽ ዕቃ ናት፤ ኢምፔዳንስ ደግሞ ለኤሌክትሪኩ ያላት ተቃውሞ ነው፣ በኦም ይለካል። አንዳንዶቻችሁ «ትልቁን ላኩልኝ፣ አለቀ!» ትሉናላችሁ፤ ቮልቴጁን አብዝቶ የሚያሳድገውን ማለታችሁ ነው። ትልቁን ዝም ብለን የማንልክበትን ምክንያት አንዴ አስረድተን እንገላገል ብለን ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍነው።

ድሮ እንልክ ነበር። አንድ ደንበኛችን 40 ኦም ላለው ካርትሪጅ 1 ለ 40 ትራንስፎርመር አዘዘ፤ ቮልቴጁን 40 እጥፍ እንዲያሳድግ የተጠመጠመ ማለት ነው፣ ይህን ቁጥር ሬሾ እንለዋለን። ምንም ሳንጠይቅ ላክንለት። ብዙም ሳይቆይ «ድምፁ ይጮኻል፣ ግን ሕይወት የለውም፤ ባሱም ከስቷል» ብሎ መለሰው። ፈትሸን ፈትሸን በዕቃው ላይ አንድም እንከን አጣን። ጥፋቱ የኛ ነበር። በ1 ለ 10 ቀየርንለትና ነገሩ በዚያው ተፈታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንጠይቅ አንሸጥም።

ሙቪንግ ኮይል በሚባለው ካርትሪጅ ውስጥ ከመርፌው ጋር የሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ሳይሆን ሽቦው ነው። ሽቦው እንዳይከብድ ጥቂት ዙር ብቻ ይጠመጠማል። ስለዚህ የሚያወጣው ቮልቴጅ ኢምንት ነው። አብዛኞቹ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊቮልት ይሰጣሉ። የተለመደው፣ ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ሙቪንግ ማግኔት ግን ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ያወጣል፤ የፎኖ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የሸክላ ድምፅ ማጉያው፣ መግቢያ የተሠራውም ለእሱ ነው። ትራንስፎርመሩ የሚገባው በዚህ ክፍተት መሃል ነው። ኤሌክትሪክ አይሰካም፣ ትራንዚስተርም የለውም። የራሱ ሽሽታ ቢኖር ከሽቦው ሬዚስታንስ የሚመጣው ትንሽ ነገር ነው። ለዚህ ነው የምንወደው።

ችግሩ ትራንስፎርመር ጉልበት አይፈጥርም። ቮልቴጁን ሲያሳድግ ከረንቱን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ካርትሪጁ ከፊቱ የሚያየው ጭነት ይከብዳል፣ ማለትም ኦሙ ያንሳል፤ የሚከብደው ደግሞ በሬሾው ልክ ሳይሆን ሬሾው በራሱ ተባዝቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው የሙቪንግ ማግኔት መግቢያ 47,000 ኦም ነው። ትራንስፎርመሩ 1 ለ 10 ከሆነ 47,000ን ለ100 እናካፍላለን። ካርትሪጁ የሚያየው 470 ኦም ይሆናል። 1 ለ 20 ከሆነ ለ400 ይካፈላል፣ 117 ኦም ገደማ። 1 ለ 40 ከሆነ ለ1,600 ይካፈላል፤ የሚቀረው 29 ኦም ብቻ ነው።

አሁን የዚያን ደንበኛ ካርትሪጅ እናስገባ። ዓይነቱ ዴኖን ዲ ኤል 103 ነበር፤ 40 ኦም፣ 0.3 ሚሊቮልት። ለሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ታስቦ የተሠራ፣ እስከ ዛሬም የሚመረት ጠንካራ ዕቃ ነው። በ1 ለ 10 ሲሠራ ከትራንስፎርመሩ 2.8 ሚሊቮልት ገደማ ይወጣል። በ1 ለ 20 ደግሞ 4.5 ይደርሳል። በ1 ለ 40ስ? 9 ሚሊቮልት ይሆናል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሸወዳችሁ፤ 5.1 ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ቮልቴጅ እዚያው ካርትሪጁ ውስጥ ይቀራል። ሬሾውን ከ20 ወደ 40 በእጥፍ አሳድገን ያገኘነው 1 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ ነው። እንዲያውም ለዚህ ካርትሪጅ ከ1 ለ 34 በኋላ ቮልቴጁ ተመልሶ መውረድ ይጀምራል። ያቺን 1 ዴሲቤል ለማግኘት ካርትሪጁን በማይችለው ጭነት አስጨንቀን ባሱንም ቀጭኑንም ድምፅ ጎዳን።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው እንይ። እንደ ኦርቶፎን ኤስ ፒ ዩ ያሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆዩ ካርትሪጆች ኢምፔዳንሳቸው በጣም ትንሽ ነው። 2 ኦም እና 0.2 ሚሊቮልት ያለውን እንውሰድ። በ1 ለ 10 የሚወጣው 2 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ቮልዩሙን ከፍ ስታደርጉ የአምፕሊፋየሩ ሽሽታ አብሮ ይመጣል። በ1 ለ 20 ግን 3.9 ሚሊቮልት ይሰጣችኋል። 117 ኦም ለእሱ ሜዳ ነው። 1 ለ 30 ብታደርጉትም አይጨነቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናያለን። የሚወጣው ቮልቴጅ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ ቢያንስ አንደነግጥም፤ በጣም ቢበዛ ግን ሙዚቃው ከፍ ሲል አምፕሊፋየሩ ሊታነቅ ይችላል። ሁለተኛው ጭነቱ ነው። እኛ ከካርትሪጁ ኢምፔዳንስ 3 እጥፍ በታች እንዲወርድ አንፈልግም፤ 10 እጥፍ ከሆነ ደስ ይለናል። ይህ የኛ ጆሮ ነው፣ ሕግ አይደለም። ለዲ ኤል 103፣ 1 ለ 20 ድንበሩ ላይ ገደማ ነው፤ የሚወዱትም አሉ። ምርጫው የዓይን አዋጅ ከሆነባችሁ ግን ትንሹን ሬሾ ውሰዱ። ጭነቱ በጣም ቀላል መስሎ ከተሰማችሁ በትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ ጎን ለጎን አንድ ሬዚስተር ጨምሮ ማክበድ ቀላል ነው። የከበደውን በዚህ መንገድ ማቅለል ግን አይቻልም።

ሳጥን ላይ ስለሚጻፈው ደግሞ። «3 ኦም» ወይም «40 ኦም» የሚል ካያችሁ ይህን ያህል ኢምፔዳንስ ላለው ካርትሪጅ ይሆናል ማለት እንጂ ትራንስፎርመሩ በራሱ ያን ያህል ኦም አለው ማለት አይደለም። ሬሾውን ፈልጉ። በዴሲቤል ከተጻፈ 20 ዴሲቤል 10 እጥፍ ነው፣ 26 ደግሞ 20 እጥፍ። የካርትሪጁን ሚሊቮልት ስታነቡም ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እዩ። አንዳንዱ የተለካው መርፌው በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ፍጥነት ሲንቀሳቀስ ነው፣ አንዳንዱ በ3.54። በሁለተኛው የተለካውን በ1.41 አባዙት፤ አለበለዚያ ሁለት ካርትሪጆችን በተለያየ ሚዛን እያወዳደራችሁ ነው።

ካርትሪጃችሁ «ሃይ አውትፑት» ከተባለና 2 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካወጣ ትራንስፎርመር አትግዙ። ከኛም ቢሆን። በከንቱ ኪሳችሁን አታራቁቱ።

ዕቃው ሲደርሳችሁ መውጫውን በሙቪንግ ማግኔት መግቢያ ላይ ሰኩት። ብዙ አምፕሊፋየር «ኤም ሲ» (ሙቪንግ ኮይል) የሚል ሌላ መግቢያ አለው፤ እሱ ጋ እንዳትሰኩት። ያ መግቢያ 100 ኦም ከሆነና ትራንስፎርመሩ 1 ለ 20 ከሆነ ካርትሪጁ የሚያየው ሩብ ኦም ነው። ሾርት አደረጋችሁት ማለት ይቻላል። «ተበላሽቷል» ተብለው ከሚመለሱልን ዕቃዎች ይህ ስሕተት ያልጠፋባቸው ጥቂት አይደሉም።

ከትራንስፎርመሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ገመድ አጭር ይሁን። እምምም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ ግራውንድ ሽቦውን አጥብቁ። ካልጠፋ ትራንስፎርመሩን ከኃይል ሰጪ ዕቃዎች አርቁት፤ ከዚያ ሙዚቃው ቆሞ ቮልዩሙ ከፍ እንዳለ በቦታው ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ድምፁ ድንገት የሚደበዝዝበት አቅጣጫ ይኖራል። እዚያው ተዉት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትራንስፎርመሩንም ሆነ ካርትሪጁን በመልቲሜትር ኦም አትለኩ። መለኪያው የሚልከው ከረንት ትንሽ ቢመስልም ለእነዚህ ዕቃዎች ብዙ ነው፤ የትራንስፎርመሩን ብረት ማግኔት ሊያደርገው ይችላል። ቁጥሩ በካርትሪጁ ወረቀት ላይ አለ።

ወረቀቱ ከጠፋባችሁ የካርትሪጁን ሙሉ ስም ብቻ ላኩልን፣ እኛ እንፈልጋለን። የአምፕሊፋየራችሁ መግቢያ 47,000 ኦም ካልሆነ ወይም የሚቀያየር ከሆነ እሱንም ጨምሩበት። ያለ ጥያቄ ትልቅ ሬሾ የወሰዳችሁና ድምፁ ያልጣማችሁ የድሮ ደንበኞቻችን ካላችሁ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ዕቃውን መልሱልን፤ ያለ ክፍያ እንቀይራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ትራንስፎርመር ጠምጣሚዎቻችሁ