ለወንዝ ማዶ እናቶች የወሊድ ማቆያ እንሥራ፦ የድጋፍ ጥሪ

የቀበሌያችን ልጆች፣ ሀገር ቤትም ውጭም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ጤና ኬላችን ውስጥ በወር በወር የተከፋፈለ የእንጨት ሳጥን አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነፍሰ ጡሮችን ካርድ በየቀጠሯቸው ወር ታስቀምጥበታለች። እናት መጥታ ስትታይ ካርዷ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ይሻገራል። ወሩ አልቆ ካርዱ እዚያው ከተገኘ እናትዬዋ ቀርታለች ማለት ነው።

ኮሚቴያችን የለመናት አንድ ነገር ነው፦ ስም ሳትነግሪን የቀሩትን ካርዶች በየጎጡ ለይልን። ካርዱን እኛ አላየንም፤ የሰው ምስጢር ነው፣ ማየትም አይገባንም። ስትለያቸው አብዛኞቹ ከወንዝ ማዶ ጎጦች ሆነው ተገኙ። በቀበሌ ደረጃ ሲደመር ግን ሪፖርቱ ደህና ይመስላል። የመንገድ ዳሮቹ ጎጦች የማዶዎቹን ጉድለት ይሸፍኑታል።

በሀገር ደረጃም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 26 ያህል ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ 97፣ አፋር ላይ 15። 26 የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው ስለ ሁለቱም ምንም አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ 48 ደርሷል፣ ደስ ይላል። የቀረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን አሁንም እስከ ጎጥ መውረድ ይጠይቃል።

«ባለማወቅ ነው የሚቀሩት» የሚል አይጠፋም። እኔ አይዋጥልኝም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ አምቡላንስ አይሻገርም፤ ምጥ ደግሞ ውሃ እስኪጎድል አይታገስም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

መላው የታወቀ ነው። ቀኗ የተቃረበ እናት ቀድማ መጥታ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ትቆይ፤ ማቆያ የምንለው ይህንን ቤት ነው። ጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ካላቸው ቀደምቶቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገቡ ሲፈተሽ፣ ማቆያው ገብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 90 ገደማ ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው ከተጨነቁ በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ንጽጽሩ እኩል ለእኩል አይደለም። እኛም የምንለው ሳይጨነቁ ይድረሱ ነው።

ጤና ጣቢያችን አንዲት ጠባብ የማቆያ ክፍል አለችው፤ ማድ ቤት የላትም። ስንቅ ሲያልቅ እናትም አስታማሚም ይመለሳሉ። የማዶ እናቶችን ስናነጋግር ከአልጋው በፊት ያነሡት ምግቡንና ቤት የሚቀሩትን ልጆች ነው። ዕቅዱን የለወጥነው በዚህ ነው። ባለ 6 አልጋ ቤት፣ ትንሿን ልጅ ይዞ መግባት የሚያስችል አንድ ክፍል፣ ማድ ቤት፣ ሽንት ቤትና ሮቶ። ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ከነዋሪው ነው። እህሉም ከመኸር በኋላ ከየቤቱ ይዋጣል፤ ገንፎው አይቀርም። ከእናንተ የምንፈልገው ለሲሚንቶ፣ ለቆርቆሮ፣ ለፍራሽና ለብርድ ልብስ የሚሆን ገንዘብ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ጣራው መመታት አለበት፤ ከዚያ በኋላ መኪና አይገባም።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ሲሆን ያለ 3 ፈራሚ አይወጣም። አንዷ ፈራሚ ማዶ የተመረጠች እናት ናት። በየሩብ ዓመቱ የወጪ ደረሰኞችን ፎቶና የቀሩ ካርዶችን ብዛት በየጎጡ ለይተን እንልክላችኋለን። ቤቱ አምሮ ተሠርቶ የማዶዎቹ ካርዶች ካልቀነሱ፣ ምን ሠራችሁ ብላችሁ ጠይቁን።

200 ብርም ያላችሁ፣ ከዚያ በላይም የምትችሉ፣ የየከተማችሁን አስተባባሪ አነጋግሩ። ዐረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቻችን ባላችሁበት ማኅበር በኩል አሰባስባችሁ ብትልኩ የመላኪያው ወጪ ይቀልላችኋል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን ለማንም እንዳትሰጡ።